ጥፋቱ የሰው ነው ወይስ የአሠራር?

ጥያቄ፦ በእስራኤል፣ በነታንያ ከተማ ነዋሪ ነኝ። አንድ አከራይ ስሜን በስልክ እንደሰማ «ቤቱ ተይዟል» አለኝ፤ ማስታወቂያው ግን ሳምንት ሙሉ አልወረደም። ታላቅ ወንድሜ «ክፉ ሰው የትም አለ፤ አገሩን አትውቀሺ» ይለኛል። እኔ ግን ነገሩ ከአንድ ሰው ያለፈ ይመስለኛል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ስለ አከራዩ ብቻ ከሆነ የወንድምዎ አባባል ያስኬዳል፤ ለተበዳይ ግን እምብዛም አያጽናናም። የግለሰብ ጥላቻና የተቋም አድልዎ የሚለያዩበትን ቦታ አጥርቶ የሚያሳየው የደም ልገሳው ታሪክ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ለዓመታት ደም ሲለግሱ፣ ነርሷ ክንዳቸውን አስራ፣ ከረጢቱ እስኪሞላ ጠብቃ፣ አመስግና ታሰናብታቸው ነበር፤ ደሙ ግን የኤች አይ ቪ ስጋት አለበት በሚል፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ ይደፋ ነበር። ማሪቭ ጋዜጣ ይህን እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያጋልጥ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ ወጡ። ነርሷ ቅን ሰው ልትሆን ትችላለች፤ እንዲያውም ሳትሆን አትቀርም፤ ለጋሹ የተፈረጀው በትውልዱ፣ ደሙም የተደፋው በአሠራር ስለነበረ የእርሷ ቅንነት ያዳነው ጠብታ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ በተቋማት ውስጥ ዘረኝነት መኖሩን አምኗል፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥርም ቅሬታ የሚቀበል ክፍል ተቋቁሟል። አከራዩ የግል ሰው በመሆኑ ግን የማስታወቂያውን ቅጂና የደወሉበትን ሰዓት ይዘው ጠበቃ ቢያማክሩ ይሻላል።