የክሊራንስ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ምስጢር ያለበትን ሥራ ለመሥራት ስለሚሰጥ ፈቃድ ናቸው።

ጥያቄ፦ በግሪን ካርድ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም፤ ዜግነት ያስፈልጋል። ዜጋም ብትሆን ሂደቱን የሚያስጀምርልህ ቀጣሪው ነው።

ጥያቄ፦ 120 ዶላር የፍጥነት ቅጣት ከፍያለሁ። የክሊራንስ ማመልከቻው ፎርም ላይ ልጻፈው?

መልስ፦ መጠጥ ወይም ዕፅ ከሌለበት፣ ከ300 ዶላር በታች ስለሆነ ፎርሙ አይጠይቅሽም።

ጥያቄ፦ ይህ ወንድማችን ከሁለት ዓመት በፊት ከመጋዘን ሥራ ተባርሯል። ላረፈደ ጓደኛው የሥራ መግቢያ ሰዓት ሞልቶለት ነው። ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ፎርሙ ላይ "በፈቃዴ ለቀቅኩ" ብሎ ልኳል። አሁን እንቅልፍ አጥቷል። ጓደኞቹ "ዝም በል፣ ማን ያውቃል?" ይሉታል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እነሱን አትስማ። መርማሪዎቹ የቀድሞ አለቃህን ማነጋገራቸው የተለመደ ነው። ሰዓት መሙላትህ ጥፋት ነው፤ ግን አንዴ የሆነና ያለፈ ስለሆነ ሊታለፍልህ ይችላል። ፎርሙ ላይ የጻፍከው ግን ትኩስ ውሸት ነው። እያወቁ ለፌዴራል መንግሥት መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

መውጫ አለህ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሊራንስ ለመስጠት ወይም ለመከልከል የሚሠራበት መመሪያ፣ ስለ ግል ጠባይ በሚናገረው "ጋይድላይን ኢ" በሚለው ክፍሉ፣ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ማቅለያ አመልካቹ ሳይዘገይና ሳይደረስበት በቅን ልብ ስህተቱን ማረሙን ነው። "ሳይደረስበት" የምትለውን ያዝ። መርማሪው ካፋጠጠህ በኋላ ብታምን ዋጋው በጣም ይቀንሳል።

ስለዚህ ለቀጣሪህ የሴኪዩሪቲ ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቅ። ይህን ያህል ይበቃል፦ "ከመጋዘኑ ሥራ የወጣሁት ተባርሬ ነው። ምክንያቱ ላረፈደ ጓደኛዬ ሰዓት መሙላቴ ነው። በፈቃዴ ለቀቅኩ ያልኩት ትክክል አይደለም።" አለቃዬ አይወደኝም ነበር ምናምን አትጨምርበት። ከመላክህ በፊት ግን ክሊራንስ ላይ የሚሠራ ጠበቃ ይየው፤ ይህን አደራ እልሃለሁ።

ማታ ደግሞ ለሚስትህ ንገራት። እኛ ገመና መሸፈን እየተማርን ያደግን ሰዎች ነን። ክሊራንስ ሰጪዎቹን የሚያሰጋቸው ግን ይኸው የተሸፈነው ነገር ነው። "ለሚስትህ እነግርብሃለሁ" የሚል ሰው ምስጢር ሊያስወጣህ ይችላል። እሷ ካወቀች በምን ያስፈራራሃል? ይህም በመመሪያው እንደ ማቅለያ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ብር እልክላታለሁ። ባልጠቅሳትስ?

መልስ፦ ጥቀሻት እንጂ እህቴ! እናት መርዳት ነውር አይደለም። መደበቁ ነው የሚያስጠረጥርሽ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ማሪዋና ተፈቅዷል አይደል?

መልስ፦ ለዚህ ፎርም የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ነው። ፎርሙ ራሱ ይህን ይናገራል፤ አንብበው።

ጥያቄ፦ ለመከላከያ ሚኒስቴር ኮንትራክተር እሠራለሁ። ክሊራንስ የሚከለከልበትን ምክንያት የሚዘረዝር ደብዳቤ ደረሰኝ። ራሴ ልመልስ?

መልስ፦ ብቻህን አትመልስ። ያለህ 20 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው እጅህ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑን ፖስታው ላይ ጻፍና ዛሬውኑ ጠበቃ ጋ ደውል።