ክሪስታል መብራት በዘመናዊ ቤት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

በዚህ ሰሞን ስለ ቤት ውስጥ ማስዋብ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ክሪስታል ተንጠልጣይ መብራትን የሚመለከቱ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ውበቱን ይወዱታል፤ ጌጥ ባልበዛበት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚስማማ፣ እንዴት እንደሚሰቀልና እንዴት እንደሚጸዳ ግን ግራ ተጋብተዋል። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው የሚመሳሰሉ በመሆናቸው አምስቱን መርጠን ምላሽ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ አዲስ አፓርታማ ልንገባ ነው። ሳሎኑና የምግብ ቦታው በግድግዳ አልተለዩም፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለው ከፍታ 2.65 ሜትር ነው። የምግብ ጠረጴዛችን 1.80 ሜትር በ90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሶፋውም ቡፌውም ግራጫና የእንጨት ቀለም ያላቸው፣ ጌጥ የሌላቸው ናቸው። ባለቤቴ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሦስት ደረጃ ክሪስታል ሻንደሊየር ሳሎኑ መሐል እንዲሰቀል ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ቤታችን የሠርግ አዳራሽ እንዳይመስል እሰጋለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ስለ ቦታው እርስዎ፣ ስለ ክሪስታሉ ባለቤትዎ ትክክል ናችሁ። በመጀመሪያ ቦታውን እንለካ። ሰው በሚተላለፍበት ስፍራ የመብራቱ ታችኛ ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 2.10 ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። ከ2.65 ሜትር ላይ ይህ ሲቀነስ የሚቀረው 55 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህች ውስጥ ኮርኒሱ ላይ የሚታሰረው ሳህንም፣ ሰንሰለቱም፣ ራሱ መብራቱም መግባት አለባቸው። ባለቤትዎ የመረጡት ሻንደሊየር ያለ አንዳች ሰንሰለት ቢታሰር እንኳ ጫፉ 1.75 ሜትር ላይ ስለሚወርድ፣ ቁመተ ረጅም እንግዳ ሁሉ በግንባሩ እየገጨው ያልፋል። ስለዚህ ሳሎኑ መሐል የሚለው ሐሳብ መቅረት አለበት።

ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ግን ሰው ስለማይመላለስ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ቦታ የመብራቱ ጫፍ ከጠረጴዛው ገጽ ከ70 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲሰቀል ምግቡን በሚገባ ያበራል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎችንም ዓይን ለዓይን ከመተያየት አይከለክልም። ጠረጴዛዎ 75 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው ብለን ብናስብና መብራቱን በ75 ሴንቲ ሜትር ብናስበልጠው፣ ጫፉ ከወለሉ 1.50 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ከኮርኒሱ እስከዚያ ድረስ 1.15 ሜትር አለዎት ማለት ነው። ባለ ሦስት ደረጃው ሻንደሊየር በልኩ እዚህ ይገባል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ክፍሉ ክፍት ስለሆነ፣ ከበሩ የገባ ሰው ሳሎኑንና መስኮቱን የሚያየው በዚያ ግዙፍ ነገር ውስጥ አሾልኮ ይሆናል። ለ1.80 ሜትር ጠረጴዛ የሚስማማው ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ክሪስታሉ በአንድ ቀጥ ያለ ጥቁር ወይም የነሐስ ዘንግ ላይ የተደረደረ መብራት ነው፤ አለዚያም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ትናንሽ ተንጠልጣዮች ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ቢሰቀሉ ያምራል።

ክሪስታልና ዘመናዊ ቤት አይስማሙም የሚለው አስተሳሰብ ልክ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የተከፈተው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት በዘመኑ አዲስ የነበረ ሕንጻ ነው፤ የተሰቀሉበት ሻንደሊየሮች ግን ከክሪስታል የተሠሩና ከኦስትሪያ መንግሥት በስጦታ የተበረከቱ ናቸው። የቪየናው መስታወት ሠሪ ድርጅት ሎብማየር ሲሠራቸው፣ ንድፍ አውጪው ሃንስ ሃራልድ ራት የድሮውን ጥምዝምዝ ክንድና የዶቃ ዝርግፍ ትቶ፣ ከአንድ ማዕከል ወደየአቅጣጫው የሚፈነጥቁ ቀጭን የብረት ዘንጎች ጫፍ ላይ ክሪስታሎችን አኖረ። ቅርጹን የሚገዛው ቀጥታ መስመር ስለሆነ ክሪስታሉ ከሕንጻው ጋር አይጣላም። ቤትን የሠርግ አዳራሽ የሚያስመስለው ወርቃማ ቅብ የበዛበት ጥምዝ ክንድ፣ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው የክሪስታል እንክብሎች ቅልቅልና፣ በተለይም በእኛ ከተማ፣ በጂፕሰም ኮርኒስ ዙሪያ የሚበራው ሰማያዊና ሐምራዊ የኤልኢዲ መስመር ነው። ያ መስመር ካለዎት ክሪስታሉ ሲበራ ይጥፋ፤ ለዚህም ሁለቱ የየራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ እንዲኖራቸው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ለባለሙያው ይንገሩት።

ገዢዎች ከሁሉ የሚዘነጉት አምፖሉን ነው። ክሪስታል የራሱ ብርሃን የለውም፤ የተቀበለውን ሰብሮና በትኖ ይመልሳል እንጂ። ይህን በሚገባ የሚያደርገው ደግሞ ብርሃኑ ከትንሽና ጥርት ካለ ነጥብ ሲነሳ ነው። በወተት መሳይ መስታወት የተሸፈነው የተለመደው አምፖል ብርሃኑን አስቀድሞ ስለሚበትነው፣ ውድ ክሪስታል እንኳ አጠገቡ ሲሰቀል ፈዞ ይታያል። ስለዚህ መስታወቱ ጥርት ያለ፣ ውስጡ ቀጫጭን የብርሃን ክር የሚታይበትን ኤልኢዲ ይምረጡ። የብርሃኑ ቀለም ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ይሁን። በየሱቁ እንደ ልብ የሚገኘው 6500 ኬልቪን ነጭ አምፖል ክሪስታሉን እንደ በረዶ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም በላይ ቀለሞችን በትክክል ማሳየቱን የሚነግረው የቀለም አሳይነት መለኪያው (CRI) ዝቅተኛ ከሆነ ቀዩ ወጥ ቡናማ፣ ሥጋውም ግራጫ ሆኖ ይታያል። በማሸጊያው ላይ ይህ መለኪያ 90 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አይተው ይግዙ። ብርሃን መቀነሻ የሚያስገጥሙ ከሆነ ደግሞ አምፖሉም ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ይርገበገባል።

ግድግዳው የማያንጸባርቅ ቀለም የተቀባና ፈካ ያለ ከሆነ ክሪስታሉ የሚረጨው ብርሃን ጎልቶ ይታይበታል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወለል ግን እያንዳንዱን አምፖል ከታች ደግሞ ስለሚያሳይ፣ ከጠረጴዛው ሥር ምንጣፍ ቢያነጥፉ ዓይን ያርፋል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዳማ ነው። ሱቅ ስጠይቅ አንዱ «ኬ9 ነው» ይለኛል፣ ሌላው «ኦሪጅናል ክሪስታል» ይለኛል። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ፕላስቲክ እንዳይሸጥልኝ ምን ላስተውል?

መልስ፦ ክሪስታል እየተባሉ የሚሸጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1674 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ መስታወት ሲቀልጥ የእርሳስ ኦክሳይድ በመጨመር የሚሠራው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ዕቃ የእርሳስ ክሪስታል ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። እርሳሱ መስታወቱን ያከብደዋል፤ ብርሃን የመስበር ኃይሉንም ይጨምርለታል። ሁለተኛው ኬ9 ሲሆን፣ በቻይና ለሌንስና ለመሰል የዓይን መሣሪያዎች የሚውል፣ እርሳስ የሌለበት የጠራ መስታወት መጠሪያ ነው። ብርሃን በመስበር ከተራ መስታወት እምብዛም ስለማይለይ፣ የሚያብረቀርቀው በንጽሕናውና በአቆራረጡ ነው። ስለሆነም ሻጩ «ኬ9» ማለቱ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም፤ የተቆረጠበትን ጥራት ማየት ይገባል። ሦስተኛው አክሪሊክ፣ ማለትም ፕላስቲክ ነው።

አንዱን እንክብል በእጅዎ ይያዙ። መስታወት ለጥቂት ጊዜ እንደ ቀዘቀዘ ይቆያል፣ ፕላስቲክ ግን ወዲያው የእጅዎን ሙቀት ይወስዳል፤ መጠናቸው እኩል ከሆነም ፕላስቲኩ በክብደት ከመስታወቱ ግማሽ አይሞላም። ሁለት እንክብሎች በቀስታ ሲነካኩ መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ አውራ ጣትዎን በጠርዙ ላይ ያሳልፉ፦ ተቆርጦ የተሞረደ ክሪስታል ገጾቹ የሚገናኙበት መስመር ስል ነው፤ በቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ የወጣው ግን ጠርዙ ይድቦለቦላል፣ በጎኑም የቅርጹ መገጣጠሚያ መስመር ይታያል። በመጨረሻ የሞባይልዎን ባትሪ አብርተው እንክብሉን በብርሃኑና በነጭ ወረቀት መካከል ያዙሩት። በደንብ የተቆረጠው ጥርት ያሉ ባለ ቀለም ነጠብጣቦችን ይጥላል፤ በደንብ ያልተቆረጠው የደበዘዘ ነጭ ጥላ ብቻ ያሳያል። ሻጩ ይህን እንዲያደርጉ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክሪስታል መብራት ገዝቻለሁ። ጣሪያው ይሸከመዋል?

መልስ፦ በጋራ መኖሪያ ቤቶች በስፋት የተሠራበት ስላብ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቢም እየተደረደረ፣ በመካከሉ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት የሚገባበት ነው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ፣ ብሎኬቱ ውስጥ የተመታ ተራ ፊሸር የሚይዘው የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ አይታመንም። ባለሙያው ቢሙን ፈልጎ እዚያ ላይ ይሰር፤ መብራቱ የሚሰቀልበት ነጥብ ከቢም ጋር ካልገጠመ በሁለት ቢሞች መካከል ጠፍጣፋ ብረት ዘርግቶ በእሱ ላይ ያንጠልጥለው። የጂፕሰም ኮርኒስ ካለም ክብደቱን የሚሸከመው ከላይ ያለው ስላብ እንጂ ጂፕሰሙ መሆን የለበትም። ዓለም አቀፉ የመብራት ዕቃዎች ደረጃ መስቀያው የመብራቱን ክብደት አራት እጥፍ ለአንድ ሰዓት እንዲሸከም ይጠይቃል። የእርስዎ አራት እጥፍ 20 ኪሎ ስለሆነ፣ ክሪስታሉን ከመስቀልዎ በፊት 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ለአንድ ሰዓት አንጠልጥላችሁ፣ ከሥሩም ሰው አርቃችሁ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ። ለወላጆቼ አዲስ አበባ ለሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ክሪስታል መብራት ልልክላቸው አስቤ ነበር። እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው አምፖሉ የሚቀየር መሆን አለመሆኑ ነው። ኤልኢዲው ከመብራቱ ጋር ተዋህዶ የተሠራ ከሆነ በመለያ ወረቀቱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚሠራ ካልተጻፈ በቀር አይላኩት። አምፖሉ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የማቀፊያውን ስፋት ይመልከቱ። የሻማ ቅርጽ ያላቸው የአሜሪካ አምፖሎች የሚገቡበት ማቀፊያ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ግን 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ የአሜሪካው ማቀፊያ ብዙ ጊዜ የተሠራው ለ125 ቮልት ነው። ስለዚህ እዚህ ሲደርስ ማቀፊያዎቹ ሁሉ በ14 ሚሊ ሜትሩ መተካት አለባቸው። የሽቦ ቀለሙም እንዳያሳስት ለባለሙያው አስቀድመው ይጻፉለት፦ በአሜሪካ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ጥቁሩ፣ መላሹ ነጩ፣ የመሬቱ አረንጓዴው ነው፤ በአዲሱ ዓለም አቀፍ አሠራር ግን በቅደም ተከተል ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቢጫ ናቸው። ክሪስታል መብራት በብዛት የብረት አካል ስላለው የመሬት ሽቦው ፈጽሞ እንዳይቀር።

ለወላጆችዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፍተው ይጠብቁ፤ ሲመለስ የኃይሉ መዋዠቅ እስኪረጋጋ ጥቂት ቆይተው ያብሩት።

ጥያቄ፦ ክሪስታል መብራታችን ተሰቅሎ ዓመት ሳይሞላው ፈዘዘ። በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ እናብሰዋለን፤ ግን ቢጫ ነገር ይቀርበታል። ምን እናድርግ? (ከሃዋሳ)

መልስ፦ ቤታችሁ ቡና እየተፈላ ዕጣን የሚጨስበት ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። የዕጣን ጭስ በክሪስታሉ ላይ ስስ የሆነ፣ የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋል፤ አቧራም በላዩ ይለጠፋል፤ ውኃ ብቻውን ደግሞ ይህን አያስለቅቀውም። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ከእኩል የተጣራ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። ለተሽከርካሪ ባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ለዚህ ይሆናል፤ ከአጠገቡ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ግን እንዳይሆን ጽሑፉን በጥንቃቄ አንብቡ። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ስለሚተው አይመረጥም።

በመጀመሪያ ከቆጣሪው ኤሌክትሪኩን አጥፉና አምፖሎቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ፤ አልኮል ስለሆነ በአቅራቢያው ከሰልም ሆነ ሻማ አይኑር። የጥጥ ጓንት አድርጋችሁ ድብልቁን በጨርቁ ላይ አርከፍክፉ፤ በቀጥታ ወደ መብራቱ አትርጩ፣ ወደ ሽቦው ይገባልና። አንዱን እንክብል በእርጥቡ ጨርቅ ካበሳችሁ በኋላ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ አድርቁት። መብራቱን አታዙሩት፤ መሰላሉን እያዞራችሁ ሥሩ፤ መብራቱ ከተሽከረከረ የመስቀያው ብሎን ሊላላ ይችላል። እንክብሎቹን አውርዳችሁ የምታጥቡ ከሆነ አስቀድማችሁ በስልክ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱት፤ የረከቦቱንም ቦታ ከመብራቱ ሥር አርቁት።