ሸክላው ተበላሽቶ ነው ወይስ ሲቀዳም እንዲህ ነው?

የጠያቂው ወንድማችን ጉዳይ ባጭሩ ይኸ ነው፦ ደሴ ላይ ሆኖ አራት የእንግሊዝ ሸክላዎች ገዝቷል። የኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም፣ የፌርፖርት ኮንቬንሽን «ሊጅ ኤንድ ሊፍ»፣ የፔንታንግል «ባስኬት ኦቭ ላይት» እና የጀነሲስ «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ»። አንዱ ላይ የዘፋኙ ድምፅ ይሻክራል፣ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ አራቱም ደግሞ ይጎተታሉ። «ተሸወድሁ ወይ?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ፣ ከዘረዘርኸው አብዛኛው የሸክላ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ መጎተቱን እንፍታ፤ እሱ ሳይስተካከል ስለ ሙዚቃው የሚባለው ሁሉ ከንቱ ነው። አራቱም ከተጎተቱ ጥፋቱ የማጫወቻው ነው። ማጫወቻህ ምናልባት ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው 110 ቮልት ብቻ ሳይሆን 60 ኸርዝ (የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ይፈልጋል፤ የኛ መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጅ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ የድሮ ሞተር በደቂቃ 33⅓ ዙር መዞር ሲገባው 28 ያህል ብቻ ይዞራል፤ ዜማውም በሦስት ግማሽ ቶን ገደማ ይወርዳል። ለማረጋገጥ የሚዞረው ሳህን ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈህ 3 ደቂቃ ቁጠር፤ 100 ዙር ከሞላ ጤነኛ ነው፣ 83 አካባቢ ከቆመ ምክንያቱ ኸርዙ ነው። መፍትሔው ሞተሩ አናት ላይ ላስቲኩ የሚዞርባትን ፑሊ መለወጥ ነው። ለ50 ኸርዝ የተሠራው ዋናው ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ውስጥ ዲያሜትሯ ከነባሯ በ20 በመቶ የሚበልጥ ፑሊ ማስቀረጽ ይቻላል። ከዚያ እንደገና ቁጠር።

የሚሻክረው ዘፋኝ የኪንግ ክሪምሰኑ ግሬግ ሌክ ነው። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ድምፁ ሆን ተብሎ ነው የተሻከረው። መለያው ቀላል ነው፦ ድምፁ ሲሻክር ሳክስፎኑና የከበሮው ሳህን ጥርት ብለው ከተሰሙ መርፌህ ደኅና ነው። የሚቀጥለው ዘፈን ዋሽንት ያለበት ለስላሳ ነው፤ ያም ከሻከረ ግን መርፌው አልቋል ወይም የቀድሞው ባለቤት ባለቀ መርፌ ፈሩን (መርፌው የሚሄድበትን ቦይ) አርሶታል። ሜሎትሮን የሚባለው መሣሪያም ሰው ያሳስታል። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ቴፕ የሚያጫውት ስለሆነ በቴፕ የተቀዳው የቫዮሊን ድምፅ በተፈጥሮው ይንቀጠቀጣል። ሸክላው ከተጣመመ ወይም ቀዳዳው ከመሐል ከወጣ ግን ማወዛወዙ በየ1.8 ሰከንዱ ልክ ይደጋገማል፤ አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ነውና። ከዳር ወደ መሐል የተጫረ ጭረትም «ቀጭ» የሚለው በዚሁ ልክ ነው።

የዚህን አልበም ሁለተኛ ገጽ ሳይሰሙ መግዛት አይመከርም። 12 ደቂቃ የሚፈጀው የመጀመሪያው ዘፈን አብዛኛው ክፍል ሹክሹክታ ነው፤ ትንሿ አቧራ እንኳ እዚያ ትሰማለች። ከዚያ ትልቁ ዜማ ወደ መሐል ተጠግቶ ይመጣል። ፈሩ በውጭው ጠርዝ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል በመርፌው ሥር ሲያልፍ፣ መጨረሻው ላይ 21 ብቻ ነው የሚያልፈው። ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ስለሚቀረጽ ያረጀ መርፌ እዚያ ይንኮሻኮሻል።

የሚዘል የመሰለህ ፔንታንግል ነው ብየ እገምታለሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ምቱ በ5 እና በ7 እየተለዋወጠ ስለሚሄድ አራት የለመደ ጆሮ መርፌው ዘለለ ይላል። ቃል ሳይጎድል ግጥሙ ከቀጠለ አልዘለለም። ከአራቱ በአቀዳዱ የሚበልጠው ይኸ ነው፤ የዳኒ ቶምፕሰን ኮንትራባስ እንጨቱ ሳይቀር ይሰማል።

ጀነሲስ ዝቅ ማለቱ ልክ ነው። ሁለተኛው ገጽ 28 ደቂቃ ያህል ይዟል፤ የተለመደው 20 አካባቢ ነው። ያን ያህል ሙዚቃ ለማስገባት ፈሮቹ መጠጋጋት፣ ድምፁም መቀነስ አለበት። ማጉያውን ከፍ አድርግ፤ እምምታ ከመጣ የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ከማጉያው ጋር እሰር።

«ሊጅ ኤንድ ሊፍ»ን ለወሎ ጆሮ አስቀድሜ የምመርጠው ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ቡድኑ ከበሮ መቺውን ማርቲን ላምብልን በመኪና አደጋ አጥቶ በዴቭ ማታክስ ተክቶ ነበር። ረጅም ተራኪ የሕዝብ ዘፈን ነው ዋናው፤ መንዙማ ሲዘለቅ ያደገ ሰው 8 ደቂቃ ታሪክ መከተል አይከብደውም። የዴቭ ስዋርብሪክ ቫዮሊን የዘፋኟን ቃል እየተቀበለ ሲመልስ ማሲንቆ ያስታውሳል። ግን የባቲን ቅኝት አትጠብቅ። ትካዜው ቢቀርብም ቅኝቱ ሌላ ነው፦ አነስተኛው ባቲ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ ትቶ ያልፋል፤ የእንግሊዞቹ ዶሪያን የሚባለው ቅኝት ግን ሁለቱንም ይነካል፣ ስድስተኛዋ ናት ዜማውን በድንገት የምታበራው።

ለማጠብ 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ 200 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 2 ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የባትሪ ውኃ ከመለዋወጫ ሱቅ ስትገዛ አሲድ እንዳይሰጡህ ጠይቅ። የእጅ ማጽጃ አልኮል ግሊሰሪን ስላለበት አይሆንም። በፈሩ ዙሪያ እየተከተልህ ጥረግ፣ በተጣራ ውኃ ብቻ ደግመህ አልቅልቅ። በ78 ዙር የሚጫወቱትን የጥንት ሸክላዎች ግን አልኮል አታስነካ፣ ይሟሟሉ።

መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት ለአብዛኞቹ ዘመናዊ መርፌዎች ከ1.8 እስከ 2 ግራም ነው። ክንዱ ላይ ሳንቲም መጫን ፈሩን ያርሳል። መቅለሉም ይጎዳል፤ መርፌው ፈሩ ውስጥ እየተወረወረ ግድግዳውን ይመታል።

በደሴ ክረምት ሸክላ ከግድግዳ ይራቅ፣ ሽፋኑ ይሻግታል። ወደ ባቲ ወይም ከሚሴ የምትወርድ ከሆነ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳይጭኑት፤ አቁመህ በእጅህ ያዘው። አሁን ማጫወቻውን ገልብጠህ ከሥሩ የተጻፈውን ቮልትና ኸርዝ እዚህ ጻፍልን፤ ስለ ፑሊዋ ቀጣዩን ከዚያ እንነግርሃለን።