ዋች፣ ዋርኒንግና የሚጮኽ ስልክ፦ የሂውስተን ጥያቄና መልስ

ሂውስተን ውስጥ በሰፈራችን የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ አለሁበት። የሀሪኬን፣ ማለትም ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። ሳይጀምር ጠይቁኝ ብዬ ነበር።

ዋች እና ዋርኒንግ ሁሌ ይምታቱብኛል።

ብቻህን አይደለህም ወንድሜ። ዋች ማለት ሀሪኬን ሊመጣ ይችላል ነው፤ ዋርኒንግ ደግሞ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል ዋቹን 48፣ ዋርኒንጉን 36 ሰዓት ቀድሞ ለማውጣት ይሞክራል። ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ የሚቆጠረው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ላይ ነው። ሀሪኬኑ ራሱ እስኪደርስ ይመስለዋል። የሚቆጠረው ግን በሰዓት 39 ማይል የሚሆን ነፋስ እስኪጀምር ነው። ሀሪኬን የሚባለው 74 ማይል ሲደርስ ነው፤ ነገር ግን በ39ኙም ቢሆን መሰላል ላይ ወጥቶ መስኮት ላይ ጣውላ መምታት አይሞከርም። የውጭ ሥራህን ከዚያ በፊት ጨርስ።

የስልክ ማስጠንቀቂያ በተሞከረበት ቀን የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ፣ የእኔ ዝም አለ። ተበላሽቶ ነው?

ደህና ነው። የአካባቢ ሙከራ የሚደርሰው ፈልጎ ለከፈተው ብቻ ነው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽን ግቢና እስከ ታች ውረጂ፤ «ቴስት አለርትስ» የሚለውን ክፈቺ። ኦክቶበር 4 ቀን 2023 የተደረገው አገር አቀፍ ሙከራ ግን ሳይጠይቅ ሁሉም ጋ ነው የገባው።

ስልክ እያለኝ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል?

ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ስልክህ ላይ እየጮኸ የሚመጣው ዋርኒንግ ነው፤ ለዋች አይጮኽም። ስልክህን ብቻ ስትጠብቅ 12 ሰዓት አመለጠህ ማለት ነው። በዚያ 12 ሰዓት ቤንዚን ያለ ሰልፍ ይቀዳል! ሬዲዮው ግን ዋቹንም ይናገራል። የአካባቢህን ማስጠንቀቂያ እንዲለይ የሃሪስ ካውንቲን ኮድ፣ 048201፣ አስገባበት። አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሳምንታዊ ሙከራ አለ፤ ያኔ መስራቱን ታያለህ። አየሩ አስጊ ከሆነ ሙከራው ይተላለፋል።

እንቅልፍ ከሚነሱኝ የስልኬን ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ብዘጋቸውስ?

ንዴትሽ ይገባኛል። ኤፕሪል 20 ቀን 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ለቴሌቪዥን የታሰበ ሙከራ ከንጋቱ በፊት 4፡45 ላይ በስልክ ተለቀቀ። ሕዝቡ በድንጋጤ ነቃ። ተናዶ የዘጋም አለ። ለእኔ ትልቁ ጉዳት እሱ ነው። አትዝጊው።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ምን ላድርግ?

መልእክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ በአማርኛ የለም። ስለዚህ የእናትሽ ማስጠንቀቂያ አንቺ ነሽ። ዚፕ ኮዷ የትኛው የመልቀቂያ ዞን (ሀሪኬን ሲመጣ ቤት ለቃችሁ ውጡ የሚባልበት ክልል) እንደሆነ አሁኑኑ እዪ። መብራት እንደሚጠፋም አስቢ። በጁላይ 2024 ሀሪኬን ቤሪል ሲመታን ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጥተዋል፤ ያውም ዝቅተኛው ደረጃ፣ ምድብ 1፣ ሆኖ። ፓወር ባንክ ግዢላት። ከዚያ የቤተሰብ ሙከራ አድርጉ። ማን ለማን እንደሚደውል ተነጋገሩና በአዘቦት ቀን ሞክሩት። እኛ ስንሞክረው ሁሉም በአሥር ደቂቃ ተገኘ፣ ከአክስቴ በቀር። ስልኳን አጥፍታ ቅዳሴ ላይ ነበረች። አሁን የጎረቤቷም ቁጥር አለን።