መልስ፦ መርፌው መካን አድርጎኝ ይሆን?
እህቴ፣ 31 ዓመትሽ ነው። የመጨረሻውን የ3 ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ከተወጋሽ 8 ወር ሆኖሻል፤ አልፀነስሽም። ሰፈር ውስጥ «መርፌው ነው ያመከናት» እያሉሽ ነው አይደል? እኔም እዚሁ ጅማ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ይህንኑ ስሰማ ነው ያደግኩት። መርፌው አያመክንም። ግን ቶሎ አይለቅም። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ 10 ወር ገደማ፣ ለአንዳንዷም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ወደ ላይ ይወጡና የማህፀን ቱቦን ይዘጋሉ። ንጽሕና በጎደለው ቦታ የተደረገ ውርጃም እንዲሁ። ከእምብርትሽ በታች የቆየ ሕመም አለሽ? የወር አበባሽስ ጊዜውን ይጠብቃል? ሁለት ሦስት ወር እየዘለለ ከሆነ እንቁላል በየወሩ እየወጣ ላይሆን ይችላል። የእንቅርት ሕመም፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ወይም ክሳት፣ ሲጋራም አሉበት። ዕድሜ በተለይ ከ35 በኋላ ያስቸግራል፤ አንቺ ገና ነሽ።

ሳትፀንሺ ዓመት ከሞላሽ፣ ወይም የወር አበባሽ ከተዛባ አሁኑኑ፣ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ። የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ስልክሽ ላይ መዝግበሽ ያዢ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ባልሽንም አስከትዪው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ አያምም፣ ቀላል ነው። አማት ግን መቼም ልጇን አትጠረጥርም!