ጥያቄና መልስ፦ ብረት እየበጠሰ የኖረው የለንደን ድርጅት

ሥራዬ ቁሳቁስ ፍተሻ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ባለፈው የመሐንዲሱን የዴቪድ ከርካልዲን የፍተሻ ቤት፣ ማለትም ብረት ምን ያህል ሸክም እንደሚችል እየበጠሰ ይለካ የነበረውን ድርጅት፣ ሳነሳ ጥያቄው ስለበዛ እነሆ መልሱ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ሰውዬው ከየት ተነሣ?

መ፦ ከስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከነበረው የሮበርት ናፒየር መርከብ ፋብሪካ። ከ1858 እስከ 1861 እዚያ ብረትና አረብ ብረት እየሳበ ሲበጥስ ከረመ። በኋላ የራሱን ማሽን ነድፎ ሊድስ ውስጥ አሠራና በ1866 ለንደን፣ ሳውዝዋርክ ላይ ሥራ ጀመረ።

ጥ፦ ማሽኑ ምን ያህላል?

መ፦ 14 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ110 ቶን በላይ ነው። የሚፈተሸውን ብረት አንዱን ጫፍ የውኃ ግፊት ይስባል፣ በሌላው በኩል ሚዛን ጭነቱን ይለካል። ማሽኑ ብረቱን ከመሳብ ሌላ ይጫነዋል፣ ያጎብጠዋል፣ ይጠመዝዘዋልም።

ጥ፦ የተበጠሰውን ጫፍ አይቶ ብረቱን መለየት ይቻላል?

መ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ! ያው አንድ ብረት ቀስ ብሎ ሲሳብ ጫፉ ጭረት ጭረት ይሆናል፣ በድንገት ሲሰበር ግን የተቆረሰ ስኳር ይመስላል። ከርካልዲ ይህን አሳይቷል። ስለዚህ ጫፉን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ከርካልዲ ብረቱ የተበጠሰበት ቦታ ምን ያህል እንደቀጠነም ይለካ ነበር፤ እኛም እስካሁን እንለካለን።

ጥ፦ ከወደቀ ድልድይ ጋር ስሙ ይነሳል?

መ፦ ስኮትላንድ ውስጥ ከነበረው የቴይ ባቡር ድልድይ ጋር፤ ዲሴምበር 28 ቀን 1879 ማታ፣ በማዕበል፣ ባቡር ሲያልፍበት ወደቀ። ከፍርስራሹ የመጡለትን ክፍሎች ሳባቸው። ደካማ ሆነው የተገኙት ከድልድዩ ዓምዶች ጋር ቀልጠው የተቀረጹት «ጆሮዎች» ናቸው፤ እነዚህ ማሰሪያ ዘንጎቹ በብሎን የሚያያዙባቸው፣ ከዓምዱ ጎልተው የወጡ ክፍሎች ናቸው። የብሎን ቀዳዳቸው ሾጣጣ በመሆኑ ብሎኑ የሚያርፈው በአንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ነበር። የቻሉት ሸክም ከታሰበላቸው አንድ ሦስተኛ ገደማ ሆነ።

ጥ፦ በሩ ላይ «እውነታ እንጂ አስተያየት አይደለም» ተጽፏል የሚባለው?

መ፦ እውነት ነው፤ በ1874 በገባበት በሳውዝዋርክ ስትሪት 99 ቁጥር ሕንፃ ላይ። ለእኔ የድርጅቱ ዋና ነገር ማሽኑ ሳይሆን ይህ ነው። ብረት ሻጩም ገዢውም የሚቀበሉት ቁጥር የሚሰጥ፣ ከሁለቱም ያልወገነ ሰው ያስፈልጋል። ከፋዩ ደስ የማይለውን ውጤት መስጠት ዛሬም ከባዱ ሥራችን ነው።

ጥ፦ መጨረሻው?

መ፦ ልጁ፣ ከዚያ የልጁ ሚስት፣ ከዚያ የልጅ ልጁ ያዙት። በ1965 ከቤተሰቡ እጅ ወጣ፣ በ1974 ተዘጋ፣ በ1983 ሙዚየም ሆነ። ማሽኑም ከቦታው ሳይነሣ ቀረ።