አንድ መስመር ፓች ለምን ይህን ያህል ይቆያል?

"ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት ለሆነው ፕሮግራም) ባግ የሚያስተካክል ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ከላክሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አንድ መስመር ናት፣ ለምን አያጸድቁልኝም?" ላልከው ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ እንዳንተው ስናደድ ከርሜ ነበርና የደረሰብኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ ፓችህ በደህና መድረሷን እይ። የኔ የመጀመሪያዋ ደርሳም አልደረሰችም። ከብሮውዘር ኮፒ ፔስት አድርጌ በኢሜይል ስለላክኋት ታቦቹ ሁሉ ስፔስ ሆነው ኮዱ ላይ አልገጥም ብላለች። ከዚያ ወዲህ በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ሰንድ-ኢሜይል ትእዛዝ ብቻ ነው የምልከው፣ የፓችን አጻጻፍ የምትፈትሸውን ቼክፓችን ሳላስኬድም አልልክም። ለማን እንደሚላክ ጌት-ሜንቴይነር የምትባለዋ ስክሪፕት ትነግርሃለች።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የኔዋ ጥገና "ፖይንተሩ (የዳታውን አድራሻ የሚይዘው) ነል፣ ማለትም ባዶ፣ ከሆነ ዝም ብለህ ተመለስ" የምትል ነበረች። ላፕቶፔ ከእንቅልፉ ሲነቃ ክራሽ ማድረጉን ተወ፣ እኔም ጨረስሁ ብዬ ላክሁ። ሜንቴይነሩ፣ ያንን የከርነል ክፍል የሚጠብቀው ሰው፣ የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "መጀመሪያውኑ ለምን ነል ሆነ?" ተናደድሁ። ይሠራል እኮ!

ንዴቱ ሲበርድልኝ ባጉን ያመጣውን ለውጥ በጊት ባይሴክት መፈለግ ጀመርሁ። በሁለት ቨርዥን መካከል ከ10,000 በላይ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ይኖራል፣ ግን በየዙሩ ግማሹ ስለሚወድቅ 14 ጊዜ ገደማ ከርነሉን ቢልድ ማድረግ (ከኮዱ ሠርቶ መሞከር) ይበቃል። ይበቃል ስል መብራት ካለ ነው። አንዱ ቢልድ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ፣ ባትሪዬ የሞተ ስለነበር ማሽኑ ጸጥ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት፣ አንድ የቆየ ኮሚት የሁለት መስመሮችን ቅደም ተከተል አዛብቶ ኢንተራፕቱ (ሃርድዌሩ ለከርነሉ የሚልከው ጥሪ) ዳታው ሳይዘጋጅ ይከፈት ኖሯል። ጥገናዋ አሁንም አንድ መስመር ናት፣ ግን ሌላ መስመር! የጥፋተኛውን ኮሚት መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደልና ቁጥር ፊክስስ (ይህን ታስተካክላለች) በሚለው ታግ ጽፌ፣ ምክንያቱን በሦስት አረፍተ ነገር አስረድቼ ስልካት በሁለተኛው ቀን ሪቪውድ-ባይ (መርምሬዋለሁ የሚል ፊርማ) መጣልኝ።

ሪቪውድ-ባይ ብሎ ስሙን የሚያሰፍር ሰው ዋስ እንደመፈረም ነው የሚያየው። እኔ ነገ ብጠፋ ኮዱ እሱ ላይ ነው የሚቀረው። "እኔ ጋ ይሠራል" ማለት ለዋስ አይበቃም፣ ለምን እንደሚሠራ ነው የሚፈልገው።

መዘግየቱ ግን ያንተ ጥፋት ላይሆንም ይችላል። አዲስ ቨርዥን በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ነው የሚወጣው፣ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ደግሞ መርጅ ዊንዶው (ለቀጣዩ ቨርዥን አዲስ ኮድ የሚገባበት ጊዜ) ስለሆኑ ሜንቴይነሮች ፋታ የላቸውም። ያ ካለፈ በትህትና አንዴ አስታውሳቸው፣ በየቀኑ ግን አትጨቅጭቅ። ወደ ስቴብል (አስቀድመው ወጥተው ጥገና ብቻ ወደሚጨመርባቸው ቨርዥኖች) የሚገባው እንኳ መጀመሪያ የሊኑክስ ፈጣሪው የሊነስ ቶርቫልድስ ዛፍ (ዋናው የኮድ ስብስብ) ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ እዚያ አቋራጭ የለም።

ለማንኛውም ኮሚት ሜሴጅህን እዚህ ለጥፈውና እንየው። ሃርድዌሩ እኔ ጋ ካለ ቅዳሜ ሞክሬ ቴስትድ-ባይ እጨምርልሃለሁ። መብራት ከኖረ ነው ታዲያ።